እትዬ ኑሪያና ሁለቱ ጉድጓዶች

እትዬ ኑሪያ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ «ትናንት ቀብር ላይ አጣሁህ» አለኝ። የማን ቀብር ብዬ ስጠይቀው ደነገጠ። ሳልሰማ የቀረሁ አልመሰለውም ነበር። ጠዋት ዐርፈው ከቀትር በኋላ ተቀብረዋል፤ በሙስሊሞቹ ደንብ አስከሬን አይቆይም። እኔ ያን ቀን ለሥራ ማክሰኝት ወርጄ፣ የስልኬ ባትሪ አልቆ ዘግቶብኝ ነበር የዋልኩት። ታክሲው ፒያሳ ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ረዳቱ «ወንድም፣ መጨረሻው ነው» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ከብዙ ሰው ጋር ሠርቻለሁ። ብዙ አለቆች ነበሩኝ፤ አንዳንዶቹን ዛሬ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ስማቸው ይጠፋኛል። ከእትዬ ኑሪያ ጋር አብረን የቆየነው ጥቂት ዓመት ነው። ሆኖም እስከ ዛሬ አንድ ወረቀት ላይ ልፈርም ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ከኋላዬ ቆመው መነጽራቸውን እየጠረጉ የሚያዩኝ ይመስለኛል።

የተገናኘነው በአንድ የውሃ ፕሮጀክት ላይ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ተምሬ ከወጣሁ መንፈቅ አልሞላኝም። ቢሯችን ከተወለድኩበት ከቁስቋም ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ በኪራይ በተያዘ ቪላ ውስጥ ነበር። ፕሮጀክቱ ከአይከል ወዲህ ላለች አንዲት ትንሽ ከተማ ውሃ የሚሰጡ ሁለት ጥልቅ ጉድጓዶችን ይዟል። የላይኛው ጉድጓድ ከከተማዋ በላይ፣ ገበሬዎች በሰጡት መሬት ላይ የተቆፈረ ነው። የታችኛው ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ከወንዙ አጠገብ ነው። ሁለቱም ውሃቸውን በፓምፕ ኮረብታው ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ይገፋሉ፤ ከዚያ ወደ ከተማው ይወርዳል።

አዲሱ ነገር የሚከተለው ነበር። በየጉድጓዱ ውስጥ የውሃውን ከፍታ የሚለካ፣ እንደ ጣት የቀጠነ ብረት በገመድ ይወርዳል። ሴንሰር ይባላል። የለካውን በሲም ካርድ ወደ ጎንደር ይልካል። ጎንደር ባለው ኮምፒዩተራችን ላይ ደግሞ ጉድጓዶቹ፣ ፓምፖቹ፣ ቧንቧዎቹና ማጠራቀሚያው ልክ በቦታቸው እንዳሉ ተሥለዋል። ልኬቱ ሲደርስ ሥዕሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ውሃው እዚያ ዝቅ ካለ እዚህም ዝቅ ይላል። የውጭዎቹ ባለሙያዎች «ዲጂታል ትዊን» ይሉት ነበር። እኛ «መንታው» አልነው።

እትዬ ኑሪያ ዋና መሐንዲስ ሆነው በመጡ ቀን ሥዕሉን በኩራት አሳየኋቸው። ከአምሳ ዓመት ያለፉ፣ ረዘም ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ጥቁር ሻሻቸውን አጥብቀው ያስራሉ፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ሰማያዊው ውሃ ከፍ ዝቅ ሲል አዩና አላደነቁም። በሌባ ጣታቸው አንዱን ቁጥር ነክተው «ይህ የማን ነው?» አሉኝ። የላይኛው ጉድጓድ ነው አልኳቸው። ማን እንዲህ እንዳለ ጠየቁኝ። ኮምፒዩተሩ ነዋ፣ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና ኮምፒዩተሩ ሄዶ አይቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሮጊት ናት፣ ኮምፒዩተር አይገባትም ብዬ በሆዴ አማኋቸው። ከሳምንት በኋላ እኔ የጻፍኩትን ፕሮግራም ተቀምጠው አነበቡና፣ ሁለት ቦታ ላይ የሠራሁትን ስህተት በእርሳስ አክብበው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ወዲያ አላማኋቸውም።

የአዲስ ዓለም ልጅ ናቸው። አባታቸው ቅዳሜ ገበያ ታዋቂ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው ሱቁን እንድትይዝላቸው ነበር ፍላጎታቸው። እትዬ ኑሪያ ግን ሒሳብ ወደዱ፤ አዲስ አበባ ሄደው ምህንድስና ተማሩ። ብዙ አገር ዞረው ውሃ አውጥተዋል፤ ኦጋዴንም አፋርም ሠርተዋል። ወደ ጎንደር የተመለሱት እናታቸውን ሊያስታምሙ ነበር፤ እናታቸው ካረፉም በኋላ ከወንድማቸው ከሰይድ ጋር እዚያው የአባታቸው ግቢ ውስጥ ኖሩ። ባል አግብተው እንደተለያዩ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ግን አንሥተውት አያውቁም።

ፀባያቸው ቀላል አልነበረም። ሥራ ሲያስደግሙ አያዝኑም። አመስግነውኝ አያውቁም ብል ማጋነን አይሆንም፤ ደስ ሲላቸው «እሺ» ይላሉ፣ በጣም ደስ ሲላቸው «እሺ በቃ»። የአይከል መንገድ ያጥወለውላቸዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ግማሽ ሎሚ ይይዛሉ፤ መኪናው መታጠፍ ሲጀምር ሎሚውን ይመጥጣሉ፤ ሜዳ ላይ ሲደርስ ዝግ ባለ ድምፅ መንዙማ ያንጎራጉራሉ። ሾፌራችን ክርስቲያን ነው፤ ከጊዜ ብዛት ግጥሙን በቃሉ ይዞት፣ እሳቸው ሲያቆሙ እሱ ይቀጥል ነበር። ጣቢያ ስንደርስ ደግሞ ከማንም ሰላምታ በፊት ሄደው መዳፋቸውን የፓምፑ ቧንቧ ላይ ዘርግተው ያሳርፋሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆያሉ። ምን እንደሚያዳምጡ ስጠይቃቸው ምንም አላዳምጥም አሉኝ፤ «መኖሩን ላረጋግጥ ነው» አሉ።

«መንታው» የሚለውንም ስም አልወደዱትም። መንታ ሳይነገረው የወንድሙን ሕመም ያውቃል ይባላል፤ ይህ ግን ካልነገሩት አያውቅም፣ ሐሰት ቢነግሩትም ያምናል ይሉ ነበር። ስሙ ግን ቀረ፤ እሳቸውም በኋላ ሰለቻቸውና ተዉን።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ በሥዕሉ ላይ የላይኛው ጉድጓድ ውሃ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ከዚያ በየሳምንቱ ዝቅ አለ። ፓምፑ እንዲህ ውሃ እየሸሸው ከሠራ ይቃጠላል። የታችኛው ግን ደህና ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ሞልቶ ይታያል። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምሴ ስብሰባ ጠሩ። የላይኛው ጉድጓድ ፓምፑ ይነሣ፣ የታችኛው የሚሠራበት ሰዓት ይጨመር ተባለ። እትዬ ኑሪያም ተስማሙ። ልኬቱ ግልጽ ነበር።

ችግሩ መንደሩ ነበር። ገበሬዎቹ መሬቱን ሲሰጡ ከጉድጓዱ አጠገብ አንድ ቦኖ እንዲቆምላቸው ቃል ተገብቶላቸው፣ ቆሞላቸዋል። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ከገደሉ ሥር ካለ ምንጭ ነበር፤ መንገዱ አህያ እንኳ የማይወርደው ነው፤ አንዲት ነፍሰ ጡር እንስራ እንደያዘች ወድቃ ሞታበታለች። ፓምፑ ከተነሣ ቦኖው ይደርቃል።

ይህንን ለመንደሩ ለመንገር ከእትዬ ኑሪያ ጋር አብሬ ወጣሁ። ሰዎቹ ከጉድጓዱ አጥር አጠገብ ተሰብስበው ጠበቁን። ፊት የተቀመጡት አያ ሞላ ናቸው፤ ትልቁን መሬት የሰጡት እሳቸው ነበሩ። ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ አዛውንት ናቸው። ልጃቸው በዚያ ገደል የወደቀችው ሴት ባል ነው። እትዬ ኑሪያ ነገሩን አስረዱ። ቁጣ ጠብቀን ነበር። አያ ሞላ ግን መሬት መሬት እያዩ እንዲህ አሉ፦

«ኮምፒዩተሩ አይቶ ካለ እኛ ምን እንላለን፣ እህቴ? እኛ የምድሩን ሆድ አናይ። የምንጩን መንገድ እንጠርጋለን።»

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ተነሡ። እትዬ ኑሪያ መኪና ውስጥ ገብተው ሎሚያቸውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ሳይመጥጡት ቀሩ። ቁልቁል ስንወርድ፣ በጣም ቆይተው፣ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር አሉ። ለማን እንደተናገሩት አላውቅም፤ ለሾፌሩም ለእኔም አልነበረም።

በመንገዳችን የታችኛው ጉድጓድ ጋ ቆምን። እንደ ልማዳቸው ወርደው መዳፋቸውን ቧንቧው ላይ አሳረፉ። ፓምፑ አይሠራም። ዘበኛው መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ቀናት ሆኖታል፤ ለመብራት ኃይል ነግሮ እየጠበቀ ነው። የላይኛው ጉድጓድ ትራንስፎርመሩ ሌላ ስለሆነ እዚያ መብራት አልጠፋም። እትዬ ኑሪያ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መኪናው ተመለሱ። እኔ ነገሩን ረሳሁት።

በማግሥቱ ቢሮ ስገባ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሥዕሉን ከፍተዋል። ና እይ አሉኝ። ያለፉትን ቀናት ልኬት መልሰን አየን። ፓምፕ ሲሠራ የጉድጓዱ ውሃ ይወርዳል፤ ሲያርፍ ተመልሶ ይሞላል። የታችኛው ጉድጓድ ፓምፕ ለቀናት ቆሟል፤ ስለዚህ ውሃው ሳይነካ ቀስ እያለ መሙላት ነበረበት። ሥዕሉ ላይ ግን የታችኛው በየቀኑ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ሳይነካ ቀስ እያለ የሚሞላው የላይኛው ነበር። ይኸው የላይኛው ደግሞ ትናንት ዓይናችን እያየ ፓምፑ ሲሠራ የዋለ ጉድጓድ ነው።

ወዲያው አልገባኝም። እትዬ ኑሪያ ግን ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ፤ አልጠረጉትም። ቆይተው፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «ተቀያይረዋል» አሉ።

ያንኑ ቀን መኪና ይዘው ብቻቸውን ወጡ። እኔ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጬ ስልክ እንድጠብቅ አዘዙኝ። ደወሉ። የላይኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው ነበር። «አሁን አስነሣዋለሁ» አሉ፤ ሴንሰሩ በገመዱ ወደ ላይ ሲሳብ ከውሃው ይወጣል፤ ልኬቱም ይወድቃል። ጠበቅኩ። ሥዕሉ ላይ የላይኛው ጉድጓድ ንቅንቅ አላለም። የታችኛው ግን ባንድ ጊዜ ወደቀ። ነገርኳቸው። ከዚያ «እሺ» አሉ። የደስታቸው «እሺ» አልነበረም።

ነገሩ ሲጣራ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በክረምቱ ሁለቱም ሴንሰሮች ለጽዳት ጎንደር መጥተው ነበር። ሁለቱ መልካቸው አንድ ነው። ሲመለሱ አንዱ የሌላው ቦታ ገባ። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ጉድጓዶቹን የሚያውቃቸው በሴንሰሩ መለያ ቁጥር ነበር፤ ሴንሰሩ የትም ይግባ የት፣ ያው የድሮ ጉድጓዱ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ እየደረቀ ያለው የታችኛው ነው። እኛ ደግሞ ደህናውን ጉድጓድ ዘግተን በሚደርቀው ላይ ሰዓት ልንጨምር ነበር። ያንን ብናደርግ ኖሮ መንደሩም ከተማውም ባንድ ጊዜ ያለ ውሃ ይቀር ነበር።

አቶ ደምሴ ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት ሴንሰሮቹን የመለሰው ማን ነው የሚል ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ገንዘቡን የሚሰጡን ለጋሾች ሊጎበኙን ቀን ተቆርጧል፤ የሁላችንም እንጀራ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጥፋተኛ ቴክኒሻን ቢገኝ ነገሩ ያልቅላቸዋል። እትዬ ኑሪያ ስም አንሰጥም አሉ። ልጆቹ የተሰጣቸውን መልሰዋል፤ መሣሪያው የት እንደገባ የሚያረጋግጥ ደንብ ማውጣት የእኔ ሥራ ነበር፣ አላወጣሁም፤ ለምረቃው ስንቸኩል ዘለልኩት አሉ። ከዚያ ያሉትን እስከ ዛሬ ለተማሪዎች ስናገር እደግመዋለሁ፦

«የጉድጓዱን ስም የሰጠሁት ለመልእክተኛው፣ ለሴንሰሩ ነው። ለቤቱ መስጠት ነበረብኝ።»

አቶ ደምሴ እሺ፣ ይስተካከል፤ ለመንደሩ ግን አዲስ ጥናት ተደርጎ ሐሳባችንን ለውጠናል እንበላቸው፤ ምን ያደርግላቸዋል ዝርዝሩ፣ ብለው ለመኗቸው። እውነትም ለመኗቸው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። የተሳሳተ ልኬት አምጥታችኋል ከተባለ ከእንግዲህ የምንናገረውን ማን ያምናል አሏቸው። እትዬ ኑሪያ ሰዎቹ ሳይጠይቁ አመኑን አሉ፤ ሳይጠይቅ ያመነን ሰው እንዴት ድጋሚ እዋሸዋለሁ አሉ። ከፈለጉ ከሥራ ያሰናብቱኝ፣ ከመሰናበቴ በፊት ግን እሄዳለሁ ብለው ወጡ።

በቀጣዩ እሑድ እንደገና ወጣን። ከከተማውም የውሃ ኮሚቴ ሰዎች መጥተው ነበር። አያ ሞላ እንደ በፊቱ ፊት ተቀምጠዋል፤ የምንጩን መንገድ ሲጠርጉ የቆሰለ እጃቸው በጨርቅ ታስሯል። እትዬ ኑሪያ የተሰጣቸው ወንበር ላይ አልተቀመጡም።

«አያ ሞላ፣ ባለፈው ጉድጓዳችሁ እየደረቀ ነው ብዬ ነግሬዎት ነበር። ልክ አይደለም። የሚደርቀው የታችኛው ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ቦታ ተለዋውጠው ሳለ ሳላረጋግጥ ነገርኳችሁ። ኮምፒዩተሩ አይደለም የተሳሳተው፤ እኔ ነኝ።»

ከከተማው የመጣ አንድ ነጋዴ ቀድሞ ተናገረ፤ እንግዲያው ዛሬስ ትክክል መሆንሽን በምን እናውቃለን አለ። ጥያቄው ስለት ነበረው፤ ግን ልክ ነበር። እትዬ ኑሪያ በቃሌ አትመኑኝ፣ ኑ አሉና ወደ ጉድጓዱ መሩን። እኔ ላፕቶፕ ይዤ ነበር፤ ኢንተርኔቱ በሲም ካርድ የሚሠራ ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ አስቀድሜ ያስተካከልኩትን ሥዕል ከፈትኩ። ሰው ከኋላዬ ተደረበ፤ የበግ ለምድና የላብ ሽታ ከበበኝ። እትዬ ኑሪያ የሴንሰሩን ገመድ ለአያ ሞላ ሰጧቸውና ቀስ ብለው ይሳቡ አሏቸው። አያ ሞላ በቆሰለው እጃቸው ሳቡ። ጥቂት ቆይቶ ሥዕሉ ላይ የላይኛው ጉድጓድ ውሃ ወደቀ። «ይልቀቁት» አሉ። ለቀቁት፤ ውሃው ሥዕሉ ላይ ተመልሶ ወጣ። አያ ሞላ አላመኑም፤ ደግመው ሳቡ። ደግሞ ወደቀ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩን።

«እና ይኸ የኛው ነው» አሉ።

«የእናንተው ነው» አሉ እትዬ ኑሪያ።

በዚህ ያለቀ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን ሌላው ነገር ገና አልተነገረም። የታችኛው የሚደርቅ ከሆነ ከተማው ውሃ የሚያገኘው ከላይኛው ነው፤ ከበፊቱ አብልጦ። እትዬ ኑሪያ ይህንንም ሳይደብቁ ተናገሩ። አያ ሞላ ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። ባለፈው ልትዘጉት መጣችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ልትጨምሩበት መጣችሁ አሉ። ክርክሩ እስከ ቀትር ቀጠለ። የከተማው ሰዎች ሆስፒታል አለን፣ ትምህርት ቤት አለን ይላሉ። የመንደሩ ሰዎች መሬቱ የኛ ነው ይላሉ። አንድ ጊዜ ነጋዴው ተነሥቶ ሊሄድ ነበር። እትዬ ኑሪያ ከማንም አልወገኑም፤ ሲጠየቁ ብቻ ጉድጓዱ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ይችላል፣ ከዚያ በላይ ግን አይችልም ይሉ ነበር። በመጨረሻ አያ ሞላ ሁለት ነገር ጠየቁ። አንደኛው፣ ቦኖው በማንኛውም ጊዜ እንዳይዘጋ። ሁለተኛውን ሲናገሩ ወደ እትዬ ኑሪያ ዞሩ።

«ቤታችን ያለው ከኮረብታው ጀርባ ነው፤ እንደ ጉድጓዱ ስልክ አይስብም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወርድ ይስባል። የጉድጓዱ ውሃ የት እንደደረሰ ትነግሪኛለሽ። ከሌላ ሰው አልሰማም። ክፉውንም ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ሳትጠየቂ የመለስሽውም አንቺ ነሽ።»

እትዬ ኑሪያ ኢንሻአላህ እደውላለሁ አሉ።

ከዚያ በኋላ ዋና መሐንዲስነቱ ተወሰደባቸው። ያለ ግርግር ነው የሆነው፤ ለጋሾቹ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ሰው ተሾመ፤ እትዬ ኑሪያ «አማካሪ» ተባሉ፤ መኪናም ቀረባቸው። ቅሬታ ሲያሰሙ አልሰማሁም። አንድ ቀን ብቻ፣ የመጀመሪያ ቢሯቸውን ቁልፍ ለአዲሱ ሰው ሲያስረክቡ፣ እጃቸው ቁልፉን ቶሎ አልለቀቀም፤ አየሁት። የቀራቸውን ጊዜ ሁሉ አንድ ነገር ላይ አዋሉት። በኮምፒዩተሩ ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ ፓምፕ የማይለወጥ የራሱ ስም እንዲኖረው አደረጉ። ሴንሰር እንደ እንግዳ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ በየትኛው ቤት እንዳደረ ይመዘገባል። አዲስ ሴንሰር ሲገባም አንድ ሰው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ሌላው ኮምፒዩተሩ ፊት ሆነው በስልክ እየተነጋገሩ መሣሪያውን ከፍ ዝቅ ሳያደርጉ ልኬቱ አይቆጠርም። ይህንን «ማስተዋወቅ» አሉት። መጀመሪያ ቴክኒሻኖቹ ሳቁበት። በኋላ ግን «ተዋውቋል?» መባባል የቢሮው ቋንቋ ሆነ፤ እኔ አሁን በምሠራበት ሌላ መሥሪያ ቤትም ይኸው ቃል ይሠራበታል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

ያች ከተማ ሦስተኛ ጉድጓድ እስኪቆፈርላት ድረስ ውሃ በፈረቃ ጠጣች። ብዙ ሰው አማረረ። ግን አልደረቀባትም። ቦኖውም አልተዘጋም።

እትዬ ኑሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውሉ ነበር። ከፕሮጀክቱ ከወጡም በኋላ አላቋረጡም፤ ጠዋት ለእኔ ይደውላሉ፣ የላይኛውን ከፍታ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ለአያ ሞላ ይነግራሉ። ልክ እንደዚያ ነበር፤ ሌላ ወሬ አይጨምሩም። ሕመሙ ሲጸናባቸው አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው አዲስ ዓለም ሄድኩ። አልጋ ላይ ናቸው፤ ከስተዋል። ወንድማቸው ሰይድ ስልኩን ሲያቀብሏቸው መጀመሪያ አስቀምጡኝ አሉ። ሐኪም እንዳይነሡ ከልክሏቸው ነበርና ሰይድ ተቃወሙ። እትዬ ኑሪያ «ተኝቼ አልደውልለትም» አሉ። ሁለታችን ደግፈን አስቀመጥናቸው። ሻሻቸውን አስተካከሉ። ደወሉ፤ ድምፃቸው ጤነኛ ነበር። ሲጨርሱ መልሰን አስተኛናቸው፤ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ይህ ባየኋቸው ቀኖች ሁሉ የመጨረሻው ነው።

ባረፉ በሳምንቱ ቅዳሜ መጣ። ለአያ ሞላ ማንም እንዳልነገራቸው አውቄያለሁ። ጠዋት ስልኩን አንሥቼ ብዙ ጊዜ ያዝኩት። በመጨረሻ ደወልኩ። ገበያው ይሰማል፤ በግ ይጮኻል፣ ሰው ዋጋ ይከራከራል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ አስታወሱኝ፣ «ያ ድንጋይ ላይ የተቀመጥከው» አሉኝ። ከዚያ እትዬ ኑሪያ ማረፋቸውን ነገርኳቸው። ከገበያተኛው ፈቀቅ ሲሉ ጫጫታው ቀነሰ።

«ምነው ሳትነግሩን ቀበራችኋት?»

በእነሱ ደንብ ቶሎ እንደሚቀበር፣ እኔም ራሴ እንዳልደረስኩ ነገርኳቸው። ሰማሁ አሉ። ቤቷ የት ነው ብለው ጠየቁኝና ዘጉት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አዲስ ዓለም፣ እነ ሰይድ ግቢ ውስጥ ድንኳን ሥር ተቀምጬ ሳለሁ መጡ። አያ ሞላና ጥቂት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ በአይከል አውቶቡስ መጥተው ከመናኸሪያው እየጠየቁ ነው የደረሱት። ነጭ ጋቢያቸውን እንዳደገደጉ በሩ ላይ ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ሙስሊሞች ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ቦታ ለቀቁላቸው። ተቀመጡ። አያ ሞላ «አላህ ይማራት» አሉ። በመንገድ ላይ ሰው ጠይቀው የተማሩት መሆኑ ያስታውቃል፤ ቃሉን ተጠንቅቀው ነበር ያወጡት። ሰይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው እነማን ናቸው አሉኝ። የላይኛው ጉድጓድ ሰዎች ናቸው አልኳቸው። ሰይድ ወዲያው ገባቸው፤ ተነሥተው ሄደው አያ ሞላ አጠገብ ተቀመጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትደውልላቸው እሳቸው መሆናቸውን ጠየቋቸው። አያ ሞላ አዎ አሉ። ሌላ ብዙ አልተነጋገሩም፤ ግን የእንግዶቹ መሄጃ እስኪደርስ ሁለቱ ከዚያች ቦታ አልተነሡም።

አውቶቡሱ ሳያመልጣቸው ልሸኛቸው አብሬያቸው ወጣሁ። ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ መንገዱ ረጥቧል። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ አያ ሞላ ክንዴን ይዘው ሌሎቹን አሳለፏቸው።

«ትናንት ሌላው ነገር አስደነገጠህና የሳምንቱን ውሃ ሳትነግረኝ ቀረህ» አሉኝ።

ጠዋት አይቼው ነበር። ከፍ ብሏል፣ ዝናቡ ገብቶለታል አልኳቸው፤ ልኬቱንም ነገርኳቸው።

«ሸጋ ነው» አሉና፣ ፊት የቀደሙትን ጓደኞቻቸውን ጠርተው ለእነሱም ነገሯቸው።